የሐበሻ ቀሚስ ምስጢር ይጠብቃል፣ ጂንስ ግን ያሳብቃል

የሐበሻ ቀሚስን የፈለሰፈው ሰው ስለ ሆድ በደንብ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ለገና ለበስኩት፣ ለጥምቀት ለበስኩት፣ በመሃል ለአንድ ክርስትና ደገምኩት፣ አንድ ቀን እንኳን ያዝ አላደረገኝም። መቀነቱን ትንሽ ላላ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ጂንስ ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም።

የማወራው ስለ አምናው፣ ስለ 2017 ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጠዋት፣ አልጋ ላይ ተንጋልዬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቁልፉን ከቀዳዳው ጋር ላገናኝ ስታገል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ «ሰው ልጥራልሽ?» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ደግሞ የያዝኩት ትንፋሽ ወጣ፣ ቁልፉም አመለጠኝ። በዚያ ቀን ቢሮ የሄድኩት ላስቲክ ባለው ሱሪ ነው።

ማታ ስመለስ ሜክሲኮ ጋ ሚዛን ይዞ መንገድ ዳር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ዘንድ ቆምኩ። ይህ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ኪሎህን እስኪያውቅ ድረስ። የዚያን ቀን አየና ዝም አለ። ዝምታው ከቁጥሩ በላይ አስደነገጠኝ። ጾም ሳይገባ 66 ነበርኩ፣ አሁን 69 ተኩል ሆኛለሁ። በሁለት ወር ሦስት ኪሎ ተኩል!

አክስቴ ግን በዚያው ሳምንት አይታኝ «እሰይ፣ ተስማምቶሻል፣ ፊትሽ ሞላ» አለችኝ። እኛ አገር አንድ ሰው ሲወፍር የሚነግረው አያጣም፣ ግን እንደ ምስራች ነው የሚነገረው።

እኔ መጀመሪያ ጥፋቱን ሁሉ በገና ዕለት ላይ ነበር የለጠፍኩት። ዶሮው ነው፣ ክትፎው ነው፣ ጠላው ነው እያልኩ። ቆይቼ ወደ ኋላ ስቆጥር ግን ገና ዕለት ንጹሕ ባይሆንም ዋናው ወንጀለኛ እሱ አልነበረም። ከፊቱና ከኋላው ያሉት ቀናት ናቸው።

ከፊቱ እንጀምር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ዋዜማ ከ40 ቀን በላይ ይቆያል። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ሁልጊዜ «በዚህ ጾም እቀንሳለሁ» ብዬ ነው የምገባው። ያ ሰውነት የሚያቀልል ጾም ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ የሚጾሙት ሰዎች ጾም ነው። እኔ እውነቱን ልናገርና፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በቦንቦሊኖና በሻይ የምጾም ሰው ነኝ። ምሳ በያይነቱ። ሽሮው «ቅቤ የለውምና» ተብሎ ዘይቱ ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ ይጨመርበታል፣ ምስሩም እንደዚያው፣ ድንቹም እንደዚያው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ቅቤም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ሰውነት የጾምና የፍስክ ብሎ ለይቶ አይቆጥርም። ከዚያ አሥር ሰዓት ላይ ሳምቡሳ አለ፣ ማታ ደግሞ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፤ «ምን አለበት፣ ጾም ነው» እየተባለ። እናም አምና በጾሙ ብቻ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሬ ነበር። ይህንን ለእማዬ ስነግራት «ጾመሽ ወፈርሽ? ምን ዓይነት ጾም ነው የጾምሽው?» አለችኝ፣ ልክ ነበረች፣ በሁለቱም በኩል።

ጾሙ ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ይህኛው አእምሮ ውስጥ ያለ ነው። አርባ ቀን ሲከለከል የቆየ ሰው ልቡ ሒሳብ ይይዛል። ቅርብ ጊዜ ድረስ በቃል ባልናገረውም፣ ገና ሲደርስ «ተበድያለሁ፣ ይከፈለኝ» የሚል ሰው ውስጤ ይነሳል። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዓይኔ ሳይገለጥ ዶሮ ወጥ ከሁለት እንቁላል ጋር። አራት ሰዓት ላይ ድፎ ዳቦና ቡና። ሰባት ሰዓት ላይ ክትፎ። አሥር ሰዓት ላይ አማቴ ቤት፣ ሌላ ዶሮ፣ የእሳቸው ደግሞ ቅቤው ይበዛል። ማታ ጥብስ። በዚያ ላይ የጨጓራ ሕመም አለ! አርባ ቀን ሥጋ ያላየ ሆድ በአንድ ሌሊት ይህን ሁሉ ሲጭኑበት ያምፃል። የገና ማግስት የሰፈራችን ፋርማሲ ሰልፍ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ይህም ሆኖ ገና ዕለት ላይ መጨቃጨቅ ትቻለሁ። በዓል ነው። ሽንኩርቱ ከዋዜማው ጀምሮ ሲቁላላ የዋለ ዶሮ ቀርቦ «እኔ ዳይት ላይ ነኝ» የሚል ሰው ካለ እሱን ሐኪም ሳይሆን ሽማግሌ ይየው። አንድ ቀን ሰውን አያወፍርም። ይህን የምለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም፣ ሒሳቡም እንደዚያ ስለሆነ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ለመሥራት 7,700 ካሎሪ ያህል ትርፍ ያስፈልጋል፤ ከሚያስፈልገን በላይ ማለቴ ነው። ያንን በአንድ ቀን ለመብላት ቅርጫውን ብቻህን መጨረስ ይኖርብሃል።

ታዲያ የገና ማግስት ሚዛን ላይ ወጥተን ሁለት ኪሎ ጨምረን የምናገኘው ምንድን ነው? አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነት ከእንጀራና ከዳቦ ያገኘውን ስኳር በጡንቻና በጉበት ሲያከማች እያንዳንዱን ግራም ከሦስት ግራም ገደማ ውሃ ጋር ነው የሚያስቀምጠው። የወጡ ጨው ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ይይዛል። ገና ያልወጣው ምግብም ራሱ ክብደት አለው። በልክ ከተበላ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ አብዛኛው ይወርዳል። እኔ ግን አምና ያንን ቁጥር ሳይ «በቃ፣ ተበላሽቷል፣ ከጥምቀት በኋላ እጀምራለሁ» አልኩ። ያጠፋኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን አለ።

እነዚያ 12 ቀናት ምን ይመስላሉ? ፍሪጅ ውስጥ ቅርጫ አለ።

ቅርጫ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ሥር እሱ ይመስለኛልና። እኛ ቢሮ በየበዓሉ በሬ ይገዛል፣ ሰው ይከፋፈላል፣ አንድ መደብ የወሰደ ሰው ሥጋውን፣ ጉበቱን፣ ጨጓራውን፣ አጥንቱን አንድ ላይ በፌስታል ተሸክሞ ይገባል። ቤታችን ሦስት ሰው ነን፣ አንዷ የአራት ዓመት ልጅ ናት፣ የእሷ ድርሻ ሁለት ጉርሻ ነው። የፍሪጃችን ማቀዝቀዣ ክፍል ደግሞ የጫማ ካርቶን ያህላል። እንግዲህ አስቡት። ሥጋው ከተገዛ በኋላ «መብላት ወይስ አለመብላት» የሚባል ጥያቄ የለም፣ ያለው ጥያቄ «ሳይበላሽ እንዴት እንጨርሰው» ነው። መብራት አንድ ማታ ከጠፋማ እንደ አዋጅ ነው፤ ያለው ሁሉ ይጠበሳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ይበላል። ጠዋት ጥብስ፣ ምሳ ጎመን በሥጋ፣ ማታ ቅቅል። ማንም ርቦት አይደለም። ሥጋው እንዳይበላሽ እኛ ተበላሸን።

ስለዚህ የምወፍረው ገበታ ላይ ሳይሆን ግዢው ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው ገበታ ላይ ራሱን ይገዛል የሚሉት ነገር ለእኔ አልሠራም። ቤት ውስጥ ያለ ነገር ይበላል፣ የሌለ ነገር አይበላም። ዘንድሮ አንዱን መደብ ከባለቤቴ እህት ጋር ለሁለት ገባን። ከደረሰን ላይ ለሁለት ቀን የሚሆነውን አስቀረሁ፣ ከቀሪው ግማሹ ቋንጣ ሆኖ ተሰቀለ፣ ግማሹ በትንንሽ ፌስታል ለአንድ ምግብ ብቻ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ በረዶ ቤት ገባ። ዶሮም አንድ ብቻ፤ አምና ሁለት ነበር፣ ለምን ሁለት እንደሆነ እስካሁን መልስ የለኝም። ባለቤቴ መጀመሪያ ቅር አለው። «ሰው ቢመጣስ?» አለ። መጣ፣ በላ፣ ሄደ፣ አልጎደለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል። በሞቴ።

በሞቴ የሚለውን ቃል የሚያህል ካሎሪ ያለው ምግብ አላውቅም። የፈረንጅ ምክር ሁሉ «በትህትና አይ በል» ይላል። እስቲ አማቴ ፊት በትህትና አይ በሉ! «ምነው፣ አልጣፈጠሽም?» ይላሉ መጀመሪያ። ከዚያ «እኔ ለማን ብዬ ነው የሠራሁት?» ከዚያ ጭልፋው ይነሳል። ሦስተኛው ላይ በሞቴ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ሞታቸውን መመኘት ነው። ጉርሻውም አለ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ግዴታ ነው፣ የአማቴ አንድ ጉርሻ ደግሞ የእኔን አራት ያህላል። ለዓመታት እየበላሁ፣ እየተናደድኩ፣ እየወጣሁ ነበር።

ያገኘሁት ዘዴ ቀላል ነው፣ ከማንም አልሰማሁትም። እጅ ሳልታጠብ በፊት «ውይ ሽታው! ለነገ ይቋጠርልኝ አይደል?» እላለሁ። አለቀ። አማቴ ሥራቸው እንደተወደደ አወቁ፣ ክብራቸው ተጠበቀ፣ ደስ ብሏቸው ሳህን ፍለጋ ይነሳሉ። እሳቸው ሲቋጥሩ እኔ በእርጋታ ትንሽ እበላለሁ፣ ማንም አይቆጥረኝም። ሁለተኛው ዘዴ ደግሞ በኩሌ ያለውን ወጥ ቶሎ አለመጨረስ ነው። ፊትሽ ባዶ ከሆነ ጭልፋው ይመጣል፣ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። አጥንቱን ይዤ ቀስ ብዬ እግጣለሁ፣ ወሬ አወራለሁ። ሆድ መጥገቡን ለመናገር 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል ይባላል፣ እኔ ድሮ በ20 ደቂቃ ሁለት እንጀራ እጨርስ ነበር፤ መልእክቱ ሲደርስ ቡና ላይ ነበርኩ። የተቋጠረውስ? ከቤት ሲደርስ ግማሹ ለግቢያችን ዘበኛ ነው። አማቴ ይህን እንዳያነቡ እንጂ።

እማዬ ጋ ግን ይህ አይሠራም። እማዬ ቋጥራም ታበላለች። እሷ ጋ የማደርገው በምሳ ሰዓት ሳይሆን በቡና ሰዓት መሄድ ነው። እንደዚያም ሆኖ አታመልጥም፣ ግን ሙሉ ገበታ ከመሆን ድፎ ዳቦ ይሻላል።

የመጠጡን ነገር ብዙ አላወራበትም። ለስላሳ ብቻ ልጥቀስ፤ አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ በየቤቱ ደግሞ ሳትጠየቅ ተከፍቶ ነው የሚቀርብልህ። «ውሃ ይሻለኛል፣ ወጡ አቃጠለኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ቢራ የሚጠጣ ደግሞ አንዱ ጠርሙስ 140 ካሎሪ አካባቢ መሆኑን ይወቅና የራሱን ሒሳብ ይሥራ።

አባዬ ስኳር አለበት። ለእሱ ይህ ጉዳይ የጂንስ ጉዳይ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ገና ላይ «ዛሬ በዓል ነው» ብሎ መድኃኒቱን ዘሎ፣ ሕብስቱንም ጠጁንም አንድ ላይ ካስኬደው በኋላ ማታ ሐኪም ቤት ነበር ያደርነው። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ ልጄን ይዞ ሰፈሩን ይዞራል፤ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ከምግብ በኋላ መራመድ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንደሚያወርድ ሐኪሙ ነው የነገረው። ልጄ ግን አያቷ የሚወጣው ማስቲካ ሊገዛላት ነው የሚመስላት። አሁን ገና ሲደርስ ወጥ ሳይነሳ በፊት እሷ ጫማዋን ይዛ በር ላይ ናት። እኔም እከተላቸዋለሁ።

በመሃል ጥናት ነገር ማንበብ ጀምሬ ነበር፣ የፈረንጆቹ ገና እንዴት እንደሚያደርጋቸው ለማየት። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 195 ሰዎችን በበዓላቱ ሰሞን እየመዘነ ተከታትሎ ነበር። በአማካይ የጨመሩት 370 ግራም ብቻ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ የጨመሩ መስሏቸው ነበር። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ሳቄን አቆምኩ። ያቺ ትንሽዬ ጭማሪ ክረምቱ ካለፈ በኋላም አልወረደችም። በየዓመቱ እንደዚያ ነው እንግዲህ፣ ትንሽ ትንሽ እያለች የምትቆየዋ። እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 272 ሰዎች የነበሩበት። ግማሾቹን «በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመዘኑ፣ ይህን የበዓል ምግብ ለማቃጠል ይህን ያህል መራመድ ይጠይቃል የሚል ዝርዝርና ጥቂት ምክርም እነሆ» አሏቸው። በመጨረሻ ከሌሎቹ በግማሽ ኪሎ ገደማ አንሰው ተገኙ። ጂም የለ፣ ረሃብ የለ። መመዘን፣ ዝርዝሩና ምክሩ ብቻ።

የእኔ ሚዛን ያው ሜክሲኮ ያለው ልጅ ነው። ዘንድሮ ጾሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ማታ ቆምኩለት። ሚዛኑ ልክ ይሁን አይሁን ግድ የለኝም፤ ያው ሚዛን መሆኑ ነው የሚፈለገው፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ተመሳሳይ ጫማ። ኅዳር 15 ላይ 68 ነበርኩ (ከአምናው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ነበር ያወረድኩት፣ ስንት ወር ለፍቼ)። በጾሙ ውስጥ ቦንቦሊኖውን ወደ ቆሎ ቀየርኩ፣ ቤት ውስጥ የሽሮውን ዘይት በማንኪያ ለካሁ፤ ገና ዋዜማ 67 ተኩል። ገና ዘንድሮ ረቡዕ ዋለ፣ በደንብ በላሁ፣ ዓርብ ማታ 69 አለኝ። ልጁ ዓይኔን አየ። «ውሃ ነው» አልኩት። «እሺ» አለ፣ ሳያምን።

ዓርቡ ጾም መሆኑ ራሱ ጠቅሞኛል። ድሮ «ገና ከተፈታ ሁለት ቀኑ አይደል እንዴ» ብዬ አጉረመርም ነበር፤ አሁን ሳየው ረቡዕና ዓርብ በዓሉ መሃል ላይ የተሰካ ፍሬን ነው። ለእኔ የቤተክርስቲያን ጉዳይም ነውና ፍሬን ብቻ ነው አልልም፣ ግን ፍሬንም ነው። ማክሰኞ ላይ ወደ 68 ከምናምን ወረደ። በከተራ ታቦት አጅበን ጃንሜዳ ድረስ በእግር ሄድን፣ በጥምቀት ማግስትም ከሚካኤል ጋር ዞርን፣ እግሬ እስኪያብጥ። ጥር 13 ማታ ሚዛኑ 67 ከ800 አለ። ልጁ ጮክ ብሎ ተናገረው፣ ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ደስ አለኝ፣ ሰልፉ ይስማ።

አልቀነስኩም ማለት ነው፣ በትክክል ካያችሁት። 68 ገብቼ 67.8 ወጣሁ። ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት «ለ200 ግራም ነው ይህ ሁሉ?» አለች። አምና ሦስት ኪሎ ተኩል እንደነበር ግን እሷ አታውቅም።

ጂንሱ ይዘጋል። ቁጭ ስል ትንሽ ይቆነጥጠኛል፣ ግን ይዘጋል።

አሁን ችግሩ ጥር ነው። በዘንድሮው 2018 ነነዌ የሚገባው ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፤ ከዚያ በፊት ሊያገባ ያሰበ ሰው ሁሉ በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ተጨናንቋል። ጠረጴዛዬ ላይ አራት የሠርግ መጥሪያ አለ፣ አንደኛው የባለቤቴ ዘመድ ስለሆነ መልሱም ቅልቅሉም አለበት። ቁርጥ ቤት ድረስ አስቤበታለሁ፣ ቡፌው ጋ ምን እንደማደርግ ግን ገና አላወቅኩም። ቀሚሱን ላውንደሪ ሰጥቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ይደርሳል ብለውኛል።